በቀይ እስክሪብቶ የተሞላው መጠይቅ

ሐረር ውስጥ የሚጠጣ ወጣት አንድ ብቻ ነው።

አትሳቁ። በጥናት የተረጋገጠ ነው። መጠይቅ ተበትኖ፣ ሳጥን ተቆልፎ፣ በእድር ኮሚቴ ፊት ተቆጥሮ የተገኘ ውጤት ነው። እንግዲህ ከሐኪም ተራራ ቁልቁል እስከ ጀጎል ግንብ በር ድረስ ግራና ቀኝ የምታዩት መጠጥ ቤት ሁሉ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ወንበር የሚጠፋበት ግሮሰሪ ሁሉ፣ በዚያ በአንድ ሰው ጉሮሮ ይተዳደራል ማለት ነው። ምስኪን፣ እንዴት ይደክመው ይሆን... ትሉ ይሆናል። እኔም ሳስበው ይደክመኛል። ምክንያቱም ያ ሰው እኔ ነኝ።

ነገሩን ከሥሩ ላጫውታችሁ። የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ከጎጃም ተመድቤ ሐረር ከገባሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ በሕብረተሰብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪዬን እማራለሁ። የመመረቂያ ጽሑፍ ጊዜ ሲደርስ አማካሪዬ ርዕስ ሰጡኝ፤ "የአልኮል አጠቃቀምና ተያያዥ አደገኛ ባህርያት በሐረር ከተማ ወጣቶች ዘንድ" የሚል። ወጣት ማለት ከአሥራ ስምንት እስከ ሠላሳ አምስት ዓመት ያለው ነው ብለው አብራሩልኝ። እኔ ሠላሳ አራቴ ነው። ወጣት ከተባልኩ ቆይቼ ስለነበር ደስ ብሎኝ ርዕሱን ተቀበልኩ።

ነስሩ ግን ርዕሱን ሲሰማ አልጣመውም። ነስሩ ጀጎል ውስጥ ተወልዶ ያደገ የሒሳብ መምህር፣ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ያገኘሁት ጓደኛዬ ነው። መጠጥ በአፉ አይዞርም፤ ከምሳ በኋላ ግን ጉንጩ ባዶ ሆኖ አያውቅም።

"ወሪያ፣ ስለ ጫት ለምን አታጠናም?" አለኝ፤ ወሪያ ሐረሮች ጓደኛ ሲጠሩ የሚሉት ነው። "ስለ ጫት ብታጠና እኔ ብቻዬን መቶ ገጽ እሞላልህ ነበር።"

"ርዕሱ የተሰጠኝ ነው።"

"አቦ፣ ሰው የሚደብቀውን አትጠይቅ። የሚኮራበትን ጠይቅ። ወላሂ በሳምንት ያልቅልህ ነበር።"

አልሰማሁትም። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው የተባለው ለኔ ብጤው ነው።

በዚሁ ሰሞን ሌላም ጉዳይ ነበረኝ፤ ከዲግሪው የሚበልጥ ጉዳይ። መቅደስ ትባላለች። ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። ለአንድ ክፍል ፈተና ሦስት ጊዜ እየተመላለስኩ የማባዛው ለምን እንደሆነ ከተማሪዎቼ እስከ ርዕሰ መምህሩ ድረስ ገብቷቸው ነበር። በመጨረሻ ሽማግሌ ላክሁ። ሐረር ዘመድ ስለሌለኝ ሽማግሌዎቼ የውሰት ናቸው። ርዕሰ መምህሩ፣ ጎረቤቴ የሆኑ ጡረተኛ ነርስና አንድ የሰፈራችን ቄስ ሄዱልኝ። የውሰት ሽማግሌ ችግሩ ስለማያውቅህ ሲያመሰግንህ ልክ የለውም። "ልጃችን እንኳን ቢራ ሊጠጣ፣ ሻይም የሚጠጣው በርዶለት ነው" ብለው ተናገሩ። ምን ማለት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ሲባል ግን ያምር ነበር አሉ።

የመቅደስ አባት ሻምበል በላቸው ናቸው። ጡረታ የወጡ ወታደር፣ የሰፈሩ እድር ሰብሳቢ። ሽማግሌዎቹን አዳምጠው ሲጨርሱ አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ ተናገሩ።

"ልጄን ለሚጠጣ ሰው አልሰጥም። እስከ ኅዳር ሚካኤል ጊዜ ስጡን፣ እናጣራ።"

ምክንያቱን ኋላ ከመቅደስ ሰማሁ። ተስፋዬ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበራቸው። ጠጥቶ በሚነዳ ጓደኛው ሞተር ላይ ከኋላ ተቀምጦ ሲመጣ መንገድ ላይ ቀረ። ሬሳውን ያነሱት ሻምበል ራሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ስለ መጠጥ ሲወራ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

እንግዲህ አስቡት። እኔ የከተማውን ወጣት ላጠና ወረቀት አዘጋጃለሁ፤ ሻምበል እኔን ያጠናሉ። ሁለታችንም የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው።

ወደ ወረቀቱ ልመልሳችሁ። አማካሪዬ "መጠይቁን ከመበተንህ በፊት ራስህ ሞልተህ ፈትሸው፤ ግን በሐቅ" አሉኝ። አንድ ቀን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ተቀምጬ ሞላሁት። ኪሴ ውስጥ የነበረው ቀይ እስክሪብቶ ብቻ ነው፤ የመምህር ኪስ ሌላ አያውቅም። ጠጥተው ያውቃሉ? አዎ። በሳምንት ስንት ቀን? አንድ፣ ዓርብ። ከማን ጋር ይጠጣሉ? ሀ. ከጓደኛ ጋር፣ ለ. ከቤተሰብ ጋር፣ ሐ. ብቻዬን። ሐ ላይ ምልክት አደረግኩ። እውነቴን ነው። ዓርብ ከክፍል ስወጣ ቤት የሚጠብቀኝ ያልታረመ ደብተር ብቻ ነበር። ነስሩ ወደ ጫት በርጫው ይሄዳል፣ ሌላው ወደ ልጆቹ፣ እኔ አንድ ጥግ ይዤ ከጠርሙስ ጋር እፋጠጣለሁ። የሚያኮራ ነገር አልነበረም፤ ግን በሐቅ ሙላ ተብያለሁ።

ጠጥቶ በሚነዳ ሰው ተሽከርካሪ ተሳፍረው ያውቃሉ? አዎ። እዚህ ላይ እጄ ትንሽ ዘገየች። ከዚያ የመምህርነት ልማዴ መጣና በኅዳጉ ላይ "ጥያቄው ግልጽ አይደለም፤ ሞተር ብስክሌት ይጨምራል?" ብዬ አረምኩ። ስጨርስም እጄ በራሷ ጊዜ ከሥሩ አሰመረችና 8/10 ብላ ለራሴ ማርክ ሰጠችኝ። ወረቀቱን ፋይሌ ውስጥ ከተትኩት፤ ረሳሁትም።

ጥናቱን መጀመሪያ በራሴ መንገድ ሞከርኩ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት መጠይቄን በብብቴ ይዤ ግሮሰሪ ገባሁ። ዘጠኝ ዓመት ያስተማረ ሰው ማወቅ የነበረበትን አንድ ነገር ዘንግቻለሁ፤ የዚህ ከተማ ወጣት እኩሌታው ተማሪዬ ነው። በሩን ከማለፌ አራት ጎረምሶች ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ተቀመጡ አልኳቸው፣ ተቀመጡ። ጠረጴዛው ላይ አራት ቢራ አለ።

"የማን ነው?" አልኩ። የአጥኚው ቀርቶ የመምህሩ ጥያቄ አፌ ላይ መጣብኝ።

"የጓደኛችን ነው መምህር።"

"አራቱም?"

"አዎ።"

"ጓደኛችሁ የት አለ?"

"ውጭ ወጥቷል።"

ያ ጓደኛ እኔ እስክወጣ አልተመለሰም። በሄድኩበት ግሮሰሪ ሁሉ ጠርሙሱን ትቶ ውጭ የወጣ ጓደኛ አለ። ሦስት ቅዳሜ ዞርኩ፤ አንድም መጠይቅ አልተሞላልኝም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የወጣሁ መስሎኝ ነበር። ላሟስ ውላለች፣ ኩበቱም አለ፤ ብቻ የላሟ ባለቤት ነኝ የሚል ጠፋ።

ይህን ጊዜ ሻምበል ስለ ጥናቱ ሰሙና አስጠሩኝ።

"ይሄ ጠቃሚ ጥናት ነው" አሉ፣ ከላይ እስከ ታች እያዩኝ። "ወጣቱን እኔ እሰበስብልሃለሁ። አዳራሹም የእድሩ፣ ሳጥኑም የእድሩ።"

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ግን እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? አንድም ዲግሪዬ ሊያልቅ ነው፣ አንድም በአማቼ ፊት ስለ መጠጥ ጎጂነት የሚደክም ምሁር ሆኜ ልታይ ነው። በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ማለት ይህ ነው።

ሻምበል ወጣት የሚሰበስቡት በሚያውቁት መንገድ ነው። ቅዳሜ ማለዳ የእድሩ ለፋፊ ጡሩምባውን እየነፋ በሰፈሩ ዞረ። ጡሩምባ ሲነፋ ደግሞ የሰፈሩ ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር ነው። እናቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ወጡ።

"ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም። የሚጠጡ ወጣቶች በእድሩ አዳራሽ እንዲገኙ ነው።"

እናቶች ነጠላቸውን አቀኑ፤ ግን ወደ ቤት አልተመለሱም። ልጆቻቸውን እያስከተሉ መጡ። አዳራሹ ሞላ። አርባ ምናምን ወጣት አግዳሚ ላይ ተደርድሯል፤ ከኋላው እናት፣ ከእናት ኋላ አባት፣ ከፊት ሻምበል እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል። እኔ የስምምነት ቅጹንና ከፋይሌ ያወጣሁትን መጠይቅ አደልኩ።

አንዱ ወጣት እጁን አወጣ። ቢኒያም ነው፤ ከሦስት ዓመት በፊት አስተምሬዋለሁ፣ ከጎረቤት በመገልበጥ የሚታወቅ። "መምህር፣ ስም አይጻፍም አልነበር? ይሄ 'ስምና ፊርማ' የሚለው ምንድን ነው?"

"እሱ ስምህ እንደማይጻፍ የተስማማህበት ነው።"

"እሺ።"

"ስለዚህ ስምህን ጻፍና ፈርም።"

አየኝ። አርባ ምናምኑም አየኝ። ያኔ ጥናቱ ሞቷል፤ ጡሩምባው ያለ ምክንያት አልተነፋም። ወጣቱ መጠይቁን በአምስት ደቂቃ ሞልቶ፣ ወረቀቱን አጥፎ፣ ቁልፉ ሻምበል ኪስ ውስጥ ባለው የእድሩ ሳጥን ከቶ፣ የእናቱን ፊት አይቶ ወጣ።

ሳጥኑን ይዤ ልሄድ ስል ሻምበል እጃቸውን ጫኑበት።

"የእድራችን ሳጥን በኮሚቴ ፊት ነው የሚከፈተው። ደንብ ነው።"

"ሻምበል፣ ይሄ እኮ ምርጫ አይደለም። የጥናት ምስጢር የሚባል ነገር አለ።"

"መጠይቁ ላይ ስም ተጽፏል?"

"አልተጻፈም።"

"ስም የሌለው ወረቀት ምን ምስጢር አለው?"

የሁለተኛ ዲግሪ ኮርሴን ሁሉ ታቅፌ ሳጥኑን ለቀቅኩ። አምስቱ የኮሚቴ ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ ሊያግዘኝ የመጣው ነስሩ ቆጣሪ ሆኖ ጠመኔ ይዞ ሰሌዳው አጠገብ ቆመ። ሻምበል መነጽራቸውን አድርገው ማንበብ ጀመሩ።

"ጠጥቶ አያውቅም።" ሽማግሌዎቹ አጨበጨቡ።

"ጠጥቶ አያውቅም።" አጨበጨቡ።

"ጠጥቶ አያውቅም፤ ለመጠጣትም አያስብም።" ለዚህኛው ተነሥተው ነው ያጨበጨቡት።

እንዲህ እያለ ሠላሳ አለፈ። ነስሩ በአንዱ ዐምድ ብቻ እያሰመረ ክንዱ ዛለ። ሻምበልም ፊታቸው በርቷል። አንድ ወረቀት አወጡና መነጽራቸውን አስተካከሉ። ከሩቅ አየሁት። ቀይ ነው።

እናንተዬ፣ ፋይሌን ከፍቼ የራሴን ወረቀት ፈለግኩ፤ የለም። በኋላ ቢኒያም እንደ ነገረኝ፣ በተራው የደረሰው ወረቀት የተሞላ ሆኖ አገኘው። በሕይወቱ ተሞልቶ የተሰጠው ፈተና ይህ የመጀመሪያው ነውና አምላኩን አመስግኖ ሳያነብ ሳጥኑ ውስጥ ከተተው።

"ጠጥተው ያውቃሉ? አዎ" ብለው አነበቡ ሻምበል። ጭብጨባ የለም። "በሳምንት አንድ ቀን፣ ዓርብ። ከማን ጋር? ብቻዬን።" ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። "ጠጥቶ በሚነዳ ሰው ተሽከርካሪ ተሳፍረው ያውቃሉ?... አዎ።"

ነስሩ በባዶው ዐምድ ላይ አንድ መስመር አሰመረ።

"በጎን ደግሞ እርማት አለበት" አሉ። "ከታች ስምንት ከአሥር ይላል።"

አንደኛው ሽማግሌ "ማን ነው ለራሱ ማርክ የሚሰጥ?" ብለው ጠየቁ። ዐይን ሁሉ ቀስ እያለ ወደ ሸሚዜ ኪስ ዞረ። እስክሪብቶዋ ቀይ ክዳኗን ብቅ አድርጋ እዚያው ነበረች።

"ወሪያ" አለኝ ነስሩ ከሰሌዳው ሥር በሹክሹክታ፣ "ዋጣት።"

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። የኔን ሆድ ያወጣው ብቅል እንኳ አይደለም፣ ቀይ እስክሪብቶ ነው። ሻምበል ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱና አዳራሹን ጥለው ወጡ። ለአማካሪዬ ውጤቱን በስልክ ስነግራቸው "ይሄ ዳታ አይደለም፣ የጻድቃን መዝገብ ነው። እንደገና ሰብስብ" ብለው ዘጉት። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ።

መቅደስ ሱቅ ስሄድ ወረቀት እያባዛች ነበር። ቀና አላለችም።

"አንብቤዋለሁ" አለች።

"አባትሽ አሳዩሽ?"

"መጠይቁን እንዳባዛልህ ፋይልህን ሰጥተኸኝ አልነበር? ያኔ ነው ያነበብኩት። አንተ እስክትነግረኝ ስጠብቅ ነበር።"

አፈርኩ። በሻምበል ፊት ከደረሰብኝ ይህ ባሰብኝ፤ ልጅቱ አንድ ወር ሙሉ እውነቴን ከኔ አፍ ለመስማት ጠብቃለች፣ እኔ ደግሞ የውሰት ሽማግሌ ምስጋና ታቅፌ ተቀምጫለሁ።

በማግሥቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሻምበል አስጠሩኝ። ሳሎናቸው ጠረጴዛ ላይ ባዶ መጠይቅ ተዘርግቷል። የመቅደስ እናት እትዬ አስካለ ወደ ጓዳው በር ተጠግተው ሽንኩርት ይልጣሉ፤ አንዱን ሽንኩርት ይህን ያህል ሲልጡት ሰው አይቼ አላውቅም።

"ተቀመጥ" አሉ ሻምበል። "አርባ ልጅ ዋሸኝ። ሲንገዳገዱ በዐይኔ ያየኋቸው ናቸው። አንድ ሰው እውነቱን ጻፈ።"

ልቤ ትንሽ ቀና አለች።

"ግን እውነቱን የጻፍከው ማንም አያየኝም ብለህ ነው። እሱ እውነተኛ አያሰኝህም። አሁን እኔ እጠይቃለሁ፣ አንተ ትመልሳለህ። ስም ይጻፍበታል።"

ኪሴ ገባሁ። ቀይ ብቻ። ስሜን በቀይ ጻፍኩ።

"ዓርብ ስንት ጠርሙስ?"

"ሁለት።"

ከጓዳ በር እትዬ አስካለ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"አንዳንዴ ሦስት" አልኩ።

"'አንዳንዴ' የሚል ምርጫ የለበትም።"

"ሦስት።"

"ከማን ጋር?"

"ብቻዬን።"

"ለምን ብቻህን?"

"እንዲህ የሚል ጥያቄ የለበትም ሻምበል።"

"እኔ ጨምሬዋለሁ።"

"ሐረር ሰው የለኝም" አልኩ። ለካ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለማንም ብዬው አላውቅም። የሽንኩርቱ ቢላ ቆመ።

ከዚያ ያቺ ጥያቄ ደረሰች። እሳቸው አላነበቧትም፤ በጣታቸው ብቻ አሳዩኝ። ነገርኳቸው። ከሐረር አጠገብ ድሬ ጠያራ የሥራ ባልደረባችን ሠርግ ነበር። ስንመለስ ጓደኛዬ ሞተሩን ይነዳል፣ ሁለታችንም ጠጥተናል፣ መታጠፊያው ላይ ስቶ ማሽላ ማሳ ውስጥ ወደቅን። አንዳች አልሆንንም። ማሽላው መሐል ተጋድመን በሳቅ ሞትን። ሁለት ዓመት ሙሉ ለሰው ሁሉ እንደ ቀልድ አውርቼዋለሁ። ያን ቀን ግን ሳወራው የሚያስቀው ቦታ ጠፋኝ።

ሻምበል መነጽራቸውን አወለቁ። "ተስፋዬም ሲስቅ ነበር አሉ" አሉ። "ከኋላቸው የነበረ መኪና ላይ ያሉ ሰዎች ነግረውኛል። ሲስቅ ነበር።"

እስክሪብቶዬን አንሥቼ 'አዎ' የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ።

"ቃሌ ቃል ነው" አሉ በመጨረሻ። "ልጄን ለሚጠጣ ሰው አልሰጥም። ስለዚህ ጥናቱ ይቀጥላል። ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር፤ በየወሩ መጨረሻ ይህንኑ ወረቀት ሞልተህ ታመጣለህ። አስካለ ታነበዋለች። ባዶ የተተወ ጥያቄ ካለ ምን ታደርጉታላችሁ እናንተ?"

"መጠይቁ ይጣላል፣ ከጥናቱም ይወጣል።"

"አንተም ትወጣለህ።"

በዓለም ላይ ተከታታይ ጥናት የሚደረግበት ብቸኛው አማች የሆንኩት እንዲህ ነው።

ግን ሌላው ነገር ሊታመን አይችልም። ወሬዬ ከተማውን ዞሮ ሲያበቃ ቢኒያም መቅደስ ሱቅ መጣ።

"መምህር፣ ያ ወረቀት አልቋል? ያኔ... ትንሽ ተሳስቼ ነበር የሞላሁት።"

"የቱ ጋ ተሳሳትክ?"

"ሁሉም ጋ።"

ጥግ ላይ ተቀምጦ ሲሞላ ብዙ ቆየ። ከማንም አልገለበጠም። በማግሥቱ ሦስት ሆነው መጡ፣ ከዚያ ሰባት ሆነው። አንዱን ለምን እንደመጣ ብጠይቀው "መምህር ከእርስዎ የባሰ አይመጣብኝም ብዬ ነው" አለኝ። አጥኚው ከተዋረደ ተጠኚው ምን ያፍራል? የስምምነት ቅጹን ያለ ስም በምልክት ብቻ እንዲሆን አማካሪዬን አስፈቀድኩ፣ መቅደስ የወረቀት ካርቶን ቀድዳ ሳጥን ሠራች። እናት የለ፣ ጡሩምባ የለ። ያንን ካርቶን ስናራግፍ ያነበብኳቸው አንዳንድ ነገሮች ግን የሚያስቁ አልነበሩም። ከሞተር ሲወድቁ ማሽላ ማሳ ያላገኙ ልጆች ነበሩበት። ነስሩ እየቆጠረ ራሱን ነቀነቀ።

"ሱብሃነላህ! ይሄ ሁሉ ሕዝብ በሁለት ሳምንት ጠጪ ሆነ?"

አማካሪዬ በዳታው ተደስተው አንድ እርማት ብቻ ሰጡኝ። አጥኚ ራሱ ተጠኚ ስለማይሆን ቀዩ መጠይቅ ይውጣ አሉ። በመሆኑም በይፋ በጸደቀው ጥናት ላይ እኔ የለሁም። ሐረር ውስጥ ብዙ የሚጠጣ ወጣት አለ፤ ያ አንድ ሰው ብቻ አይጠጣም።

እንዲያውም እውነት ነው። የኅዳርን መጠይቅ አስገባሁ፤ እትዬ አስካለ ጮክ ብለው አነበቡት፤ ንጹሕ። ታኅሣሥም ንጹሕ። ዓርብ ዓርብ ከክፍል ስወጣ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄጄ ወረቀት እቆጥራለሁ። ቀላል ነበር አልላችሁም፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓርቦች ረዝመውብኝ ነበር። ሻምበልም የጥርን መጠይቅ ሳይጠብቁ ፈቀዱ፤ በጥር መጨረሻ ሠርጋችን ሆነ።

በሠርጉ ቀን፣ እንግዳው ምሳ በልቶ ጭፈራው ሲደምቅ፣ ሻምበል ከድንኳኑ ጀርባ በእጃቸው ጠቀሱኝ። ሁለት ብርሌ ጠጅ ይዘዋል፤ እኩሌታ እኩሌታ።

"ለተስፋዬ ነው" አሉ። "በሕይወት ቢኖር እዚህ ቦታ ላይ የሚቆመው እሱ ነበር።"

የደም ግፊት አለባቸው፤ ሐኪም ጠብታ እንዳይቀምሱ ከልክሏቸዋል፤ እትዬ አስካለ ደግሞ ከሐኪሙ ይብሳሉ። ይህን ሁሉ እያወቅኩ አብሬያቸው ቆሜ ጠጣሁ።

ከመልሱ በኋላ የጥርን መጠይቅ ይዤ ሄድኩ። ሻምበል ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉ።

"ጠጥተዋል? አዎ። አንድ ቀን፣ ግማሽ ብርሌ። ጥሩ። ከማን ጋር?... ይሄን ለምን ባዶ ተውከው?"

"እትዬ አስካለ ያነቡታል ብዬ ነው፤ የግፊቱ ነገር..."

ወደ ጓዳው በር ዞር ብለው አዩ። ወደ ወረቀቱ ተመለሱ። እጃቸውን ሰደዱና ቀይ እስክሪብቶዬን ከኪሴ መዝዘው ለ ላይ ምልክት አደረጉ። ከቤተሰብ ጋር።

"ስም አልጻፍኩም" አሉ፣ ሳያዩኝ።

እትዬ አስካለ እጃቸውን እየጠረጉ መጥተው ወረቀቱን ወሰዱ። እንደ ወጉ ጮክ ብለው አነበቡ፤ ያቺ ጥያቄ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። አንዴ ባላቸውን፣ አንዴ እኔን አዩ።

"'ከቤተሰብ ጋር' ይላል። የትኛው ቤተሰብ ነው? የታል?"

ሻምበል መነጽራቸውን ቀስ ብለው አጥፈው ማኅደሩ ውስጥ ከተቱ።

"ውጭ ወጥቷል" አሉ።